ሸራዋን ገትራ በነፋስ የምትነዳው ቬሌላ

ጥያቄ፦ በካሊፎርኒያ የባሕር ዳርቻ አሸዋውን የሸፈኑ ሰማያዊ ነገሮች በቪዲዮ አየሁ። ጄሊፊሽ ናቸው? ለምንስ በአንዴ ያን ያህል ይወጣሉ?

መልስ፦ ያዩዋት ቬሌላ ናት። ስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ካርል ሊኒየስ በ1758 ሲመዘግባት ከጄሊፊሾች ጋር ደምሯት ነበር፤ በእርግጥ ግን ዘመዳቸው እንጂ ራሷ ጄሊፊሽ አይደለችም። አንድ እንስሳ ትምሰል እንጂ በአንድ ተንሳፋፊ ገበታ ሥር ተያይዘው የሚኖሩ የብዙ ፖሊፖች፣ ማለትም ቱቦ መሰል ትንንሽ እንስሳት፣ ማኅበር ናት። መሐል ላይ ያለው ትልቁ ፖሊፕ ዋናው አፍ ነው። በዙሪያው ያሉት ትንንሾቹ ይመገባሉም፣ ዘርም ይተካሉ። ጠርዙን የከበቡት ሰማያዊ ክሮች ደግሞ የዓሣ እንቁላልና በዓይን የማይለዩ የባሕር ነፍሳትን ያጠምዳሉ።

ገበታዋ ሞላላ ነው፤ ርዝመቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ7 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። ውስጡ እንደ ዛፍ ግንድ ቀለበቶች እርስ በርስ የተካበቡ፣ አየር የሞላባቸው ክፍሎች አሉት። በላዩ የቆመው ብርሃን አሳላፊ ሸራ ከካይቲን የተሠራ ነው፤ የጥንዚዛም ቅርፊት ከዚሁ ነው። ቬሌላ ነፋስ እንጂ ሌላ መንጃ የላትም። በጸደይ ወራት ከባሕር ወደ የብስ የሚነፍሰው ነፋስ ቀናትን ሲዘልቅ መንጋው በሙሉ ዳርቻ ላይ ይራገፋል። በሕይወት ያለችውን ወደ ውኃ መመለስ ብዙም አይጠቅማትም፤ ያው ነፋስ መልሶ ያመጣታል።

ጥያቄ፦ እንዲህ የነፋስ መጫወቻ ከሆነች ዘሯ እንዴት አልጠፋም?

መልስ፦ ምስጢሩ ሸራዋ ላይ ነው። ሸራው በገበታው ላይ የተተከለው ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ስለሆነ ነፋሱ ቀጥታ ወደ ፊት ሳይሆን ወደ ጎን አሽሽቶ ይነዳታል። ደግሞም ሁለት ዓይነት ቬሌላ አለች፤ የአንዷ ሸራ ወደ ቀኝ፣ የሌላዋ ወደ ግራ ያዘነብላል፤ ልክ እንደ ሁለት እጆቻችን። ስለዚህ አንዱ ነፋስ አንዷን ወደ ዳርቻ ሲገፋ ሌላዋን ወደ ጥልቁ ሊያርቃት ይችላል።

ዳርቻ ላይ ቢያገኟቸው ይህን ራስዎ ማየት ይችላሉ። ሃያ ያህል ይምረጡና የገበታቸውን ረጅም ጎን ከእርስዎ ወደ ፊት አስተካክለው ይደርድሩ፤ ከዚያ የሸራው የሩቅ ጫፍ ወደ የትኛው ወገን እንዳዘነበለ ይቁጠሩ። የፊቷን ጫፍ ወደ ኋላ ቢያዞሩትም ውጤቱ አይለወጥም፤ በጀርባዋ ከገለበጧት ግን ግራው ቀኝ ይሆናል፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ብዙውን ጊዜ አብዛኞቹ የአንድ ወገን ሆነው ይገኛሉ።

ሌላም መተማመኛ አላት። ትንንሾቹ ፖሊፖች 1 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆኑ ሜዱሳ የሚባሉ፣ ጄሊፊሽ የሚመስሉ ጥቃቅን ልጆችን ያበቅላሉ፤ እነዚህ ተላቀው ወደ ጥልቁ ይወርዳሉ። ቀጣዩ ትውልድ የሚጀምረው ነፋስ ከማይደርስበት ሥፍራ ነው።

ጥያቄ፦ በእጅ መንካት ይቻላል?

መልስ፦ የቬሌላ መርዝ ለሰው ቆዳ ደካማ ነው፤ ሆኖም ነክተው ዓይንዎን አይሹ። ትልቁ አደጋ ፊዛሊያ ከምትባለው፣ ክፉኛ ከምትናደፈው ሌላ ተንሳፋፊ የባሕር እንስሳ ጋር ማምታታት ነው። ፊዛሊያ ጠንካራ ሸራ የላትም፤ እንደ ፊኛ የተነፋ፣ እስከ 30 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ ከረጢት አላት፤ ከሥሯም ብዙ ሜትር የሚረዝሙ ክሮች ይንዘላዘላሉ። አሸዋ ላይ ሞታም ትናደፋለች። ከነደፈችዎ ቦታውን በባሕር ውኃ ይለቅለቁ፤ ክሮቹን በወረንጦ ያንሱ፤ በአሸዋ አይፈትጉት። ከዚያ 45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ሙቅ ውኃ 20 ደቂቃ ይንከሩት፤ ከዚያ በላይ ከሞቀ ያቃጥላል። ትንፋሽ ካጠረዎ በቀጥታ ወደ ሐኪም።

ጥያቄ፦ ሸራዋን አድርቄ ማስቀመጥ እፈልጋለሁ።

መልስ፦ ሰማያዊው ሥጋ እስኪለቅ በባሕር ውኃ ያጥቧት፤ ጓንት ያድርጉ። ወረቀት ላይ ዘርግተው ጥላ ሥር ያድርቋት። ሥጋው በደንብ ካልለቀቀ ክፉኛ ይሸታል። የሚቀርልዎ እንደ ሴሎፎን የሚንኮሻኮሽ ነጣ ያለ ገበታ ነው፤ መጽሐፍ መሐል ከከተቱት ይሰባበራልና ጥጥ ባለበት ሣጥን ያኑሩት። ሰማያዊው ቀለም ግን አብሮ አይቆይም።