መልስ፦ ማይክል ጃክሰን ከዳንሱ ሌላ ምን አለው?
"ማይክልን ያገነነው ዳንሱ ነው እንጂ ሙዚቀኝነቱ ያን ያህል አይደለም" ላልከው ወንድሜ፣ እኔ በፍጹም አልስማማም። ኖታ አይጽፍም ነበር እሺ፣ ግን ዘፈኑን ጭንቅላቱ ውስጥ ጨርሶ ነው የሚመጣው፣ ቤዙን በአፉ ድራሙን በአፉ ኮርዱን (አንድ ላይ የሚመቱትን ድምፆች) ሳይቀር አንድ በአንድ እየዘፈነ በቴፕ ይቀዳና ለሙዚቀኞቹ ያሰማቸዋል።

ቢሊ ጂን የሚለውን ዘፈኑን በሄድፎን ስማው እስቲ፣ ድራሙ ብቻውን ይጀምራል ከዛ ቤዙ ይገባል፣ እሱ አፉን እስኪከፍት ግማሽ ደቂቃ ገደማ ይሄዳል። ፕሮዲውሰሩ ኩዊንሲ ጆንስ መግቢያው ረዘመ እንቁረጠው ሲለው እምቢ ያለው ራሱ ማይክል ነው፣ ደንስ ደንስ የሚለኝ እሱ ነው ብሎ። መሃል መሃል የምትሰማው ትንፋሽና ህቅታም ዝም ብሎ ጌጥ እንዳይመስልህ፣ ሪትም ነው የሚሰራበት።

ሙንዎክን (ወደፊት የሚራመድ እየመሰለ ወደኋላ የሚንሸራተትበትን ዳንስ) በነገራችን ላይ እሱ አልፈጠረውም፣ ቢል ቤይሊ የሚባል ታፕ ዳንሰኛ በ1950ዎቹ ሲሰራው የሚያሳይ ቪዲዮ አለ። ማይክል እ.ኤ.አ. በ1983 የሞታውን ሙዚቃ ኩባንያ 25ኛ ዓመት ዝግጅት ላይ ለጥቂት ሰከንድ አሳየውና አለም አበደ፣ ያውም በዛችው በቢሊ ጂን። በዛው ዓመት ደግሞ የስሪለርን ክሊፕ አጭር ፊልም አድርጎ አወጣው፣ ከዛ ወዲህ ዘፋኙ ቆሞ የሚዘፍንበት ክሊፕ ማን ያያል?

የቢሊ ጂንን የ1981 የቤት ዴሞ (የሙከራ ቅጂ) ፈልገህ ስማ፣ ግጥሙ ገና ሳያልቅ እያጉተመተመ ነው የሚዘፍነው፣ ቤዙ ግን እዛው አለ።