ፕሮግራሙ ሲፈርስ ሁሉንም አታፍርሱ
በፒያሳና በአራት ኪሎ ዙሪያ ባሉ ማተሚያ ቤቶች፣ በምርት እቅድ ክፍል ሥራ ለጀመራችሁ ወጣቶች

ልጆቼ፣ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የሰቀላችሁት የዕለቱ የሥራ ፕሮግራም እስከ ምሳ ሳይነካ አይቆይም። መብራት ይጠፋል፣ ፕሌት (ማሽኑ ላይ የሚታሰረው የማተሚያ ሰሌዳ) ይጫራል፣ ደንበኛ «ለነገ ስብሰባ ነው» ብሎ ይደውላል። ያን ጊዜ ሁሉን ደምስሶ እንደ አዲስ ማቀድ ያምራችኋል። እባካችሁ አታድርጉት። በየሰዓቱ የሚለዋወጥን ፕሮግራም ኦፕሬተሩ አያምነውም፤ ካላመነው ደግሞ በገዛ ግምቱ ይሠራል። ብልሽቱ ራሱ ማሽኑ ላይ ካልሆነ በቀር በሚቀጥሉት ሁለት ሰዓታት የሚሠራውን ቆልፉት፣ አትንኩት፤ ፕሌቱ ታስሯል፣ ቀለሙ ተሞልቷል። ከዚያ ወዲያ ካለው ጉዳቱ የደረሰባቸውን ሥራዎች ብቻ አንሥታችሁ እንደገና አቅዱ።

መብራት ለ40 ደቂቃ ሲጠፋ ሁሉንም በ40 ደቂቃ መግፋት ስሌቱን ያሳስታል። ሮለር ላይ የቀረው ቀለም ከደረቀ መታጠብ አለበት፤ ማሽኑ ሲነሳም የውሃና የቀለሙ ሚዛን እስኪመለስ ብዙ ሉክ ይበላሻል። ይህን ጊዜ ለእያንዳንዱ ማሽን ለይታችሁ መዝግቡ። ጄኔሬተሩ ባለአራት ቀለሙን ማሽን ባይችል እንኳ መቁረጫውንና ማጠፊያውን ከቻለ፣ ታትመው የደረቁ ሥራዎችን ወደ ፊት አምጡ።

እንዲህ ያለው እውቀት በፎርማኑ ጭንቅላት ውስጥ ነው ያለው። «እንዲህ ከሆነ፣ እንዲህ አድርግ፣ ምክንያቱም» እያላችሁ ጻፉት። በአንድ ቀለም ማሽን ቢጫ ከጥቁር ይቅደም፣ ምክንያቱም ከጥቁር ወደ ቢጫ መመለስ ረጅም እጥበት ይፈልጋል። አንጸባራቂ ወረቀት ሳይደርቅ ወደ መቁረጫ አይሂድ፣ ምክንያቱም የመቁረጫው ጫና ቀለሙን በላዩ ባለው ሉክ ጀርባ ላይ ያትመዋል። «ምክንያቱም» የሌለውን ደንብ መቼ መጣስ እንደሚቻል ማንም አያውቅም።

በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ እነ ማርክ ፎክስ አይሲስ የተባለውን የምርት መርሐ ግብር ሥርዓት ለተርባይን ፋብሪካ ሲሠሩ ትልቅ ቦታ የሰጡት ለገደቦች ነበር፤ የቱ ገደብ ሊላላ ይችላል፣ የቱ አይነካም። እናንተም ገደቦቻችሁን በደረጃ ጻፉ። የሠርግ ጥሪ ካርድ ቀኑ ካለፈ ለማንም አይሆንም። የደረሰኝ ፓድ አንድ ቀን ቢዘገይ ግን፣ ደንበኛው መጋዘን ውስጥ ቀሪ ካለው፣ ቀድሞ መደወል ይበቃል። የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ ሥራን ለሁለት መክፈል፣ የማስረከቢያ ቀን፦ የትኛው ቀድሞ እንደሚላላ መብራት ሳይጠፋ በፊት ተስማሙ።

ሥራዎቹ ሁሉ ከማተም ወደ ጥራዝ የሚሄዱ ከሆነ ሁሉም ቶሎ የሚያልቅበትን ቅደም ተከተል ለማግኘት የጆንሰን ደንብ (1954 እ.ኤ.አ.) ይረዳችኋል። ከሁሉም ትንሹን ሰዓት ፈልጉ፤ የማተም ከሆነ ሥራውን መጀመሪያ፣ የጥራዝ ከሆነ መጨረሻ አድርጉት፤ በቀሩትም እንዲሁ ቀጥሉ። ሀ 3 ሰዓት ይታተምና 6 ሰዓት ይጠረዝ፤ ለ 5 እና 2፤ ሐ 1 እና 4። ቅደም ተከተሉ ሐ፣ ሀ፣ ለ ሲሆን ሁሉም በ13 ሰዓት ያልቃል። ለ፣ ሀ፣ ሐ ቢደረግ 18 ሰዓት ይፈጃል። የማድረቂያው ጊዜ ለሁሉም እኩል ከሆነ ቅደም ተከተሉ አይለወጥም፤ ከተለያየ ግን ደንቡን እንዳለ አትውሰዱት።

አስቸኳይ ሥራ ስታስገቡ የትኛው ሥራ ስንት ሰዓት እንደሚዘገይ አስልታችሁ፣ የዚያን ደንበኛ ስምና የማስረከቢያ ቀን ለአለቃችሁ አሳዩ፤ ውሳኔው ከዚያ በኋላ ይሁን። የለመድነው ግን የጮኸውን ማስቀደም ነው፣ ዝም ያለው ደንበኛም ይጎዳል።

ለዚህ ሁሉ ውድ ሶፍትዌር አትጠብቁ፤ ለመጀመር ኤክሴል ይበቃል። ማታ ማታ የታቀደውንና የሆነውን ደቂቃ፣ የተጠቀማችሁትን ደንብም አስፍሩ። ፎርማኑ አንድን ደንብ ደጋግሞ ከሻረው ቁጭ ብላችሁ ለምን እንደሆነ ጠይቁትና፣ በሚነግራችሁ ምክንያት ደንቡን አስተካክላችሁ ጻፉት።