ምግቡን ከመቀየርሽ በፊት አፏን እዪ

እህቴ፣ 3 ኪሎ የምትመዝነው አዋቂዋ ማልቲዝ ውሻሽ ደረቅ ምግቧን እየገፋች «ከእጅሽ ካልጎረስኩ» ስላለች የትኛውን ምግብ እንደምትገዢላት ጠይቀሻል። እኔም ዮርኪ የሚባለውን ትንሽ የውሻ ዝርያ ነው የማሳድገው፤ ጠባዩን አውቀዋለሁ። ግን ገንዘብሽን ከማውጣትሽ በፊት ሁለት ነገር አጣሪ።

መጀመሪያ ከንፈሯን ቀስ አድርገሽ ገልጠሽ የኋላ ጥርሶቿን እዪ። የትንንሽ ዝርያዎች መንጋጋ ጠባብ ስለሆነ ጥርሳቸው ይጨናነቃል፤ ቆሻሻ እዚያው ይጋገርና ድዳቸው ይታመማል። ድዷ ከቀላና አፏ ከሸተተ፣ ጠንካራውን ማኘክ እያመማት ይሆናል። ያኔ ጉዳዩ የሐኪም ነው።

አፏ ደህና ከሆነ ቀኑን ሙሉ ምን ምን እንደምትቀማምስ ቁጠሪ። እሷን የምታህል ውሻ በቀን የሚበቃት ከ200 እስከ 250 ካሎሪ ገደማ ነው። 30 ግራም ቺዝ ብቻ 120 ይደርሳል! ከዚያ በኋላ ደረቁን ብትንቅ አይፈረድባትም። መክሰስ ከቀኑ ካሎሪ ከ10 በመቶ አይብለጥ። ቅባት የበዛበት ትራፊ ጭራሽ ይቅር፤ በተለይ እንደ ዮርኪ ያሉት ቆሽታቸው ቶሎ ይቆጣል። ሽንኩርት፣ የወይን ፍሬ፣ ዘቢብ፣ ቸኮሌትና ዛይሊቶል (በስኳር ፈንታ የሚገባ ማጣፈጫ) ያለበት ማስቲካ ደግሞ መርዝ ናቸው።

ወደ ምርጫው ስንመጣ፣ ከረጢቱ ፊት ላይ ያለው ፎቶ ለገዢ ዓይን ነው። አዙሪውና ጥቃቅኑን ጽሑፍ አንብቢ። «የተሟላና የተመጣጠነ» ይላል? ለየትኛው ዕድሜ? «ተጨማሪ ምግብ» ካለ ዋና ምግብ አይሆንም። «ዶሮ» መጀመሪያ ተጽፏል ብለሽም አትሸወጂ፤ ዝርዝሩ የሚጻፈው ከነውሃው በክብደት ነው፣ ጥሬ ሥጋ ደግሞ አብዛኛው ውሃ ነው። የታሸገውንና ደረቁን ስታወዳድሪም እንደዚሁ። 78 በመቶ ውሃ ያለው የታሸገ ምግብ ላይ «ፕሮቲን 10 በመቶ» ቢልሽ፣ ውሃው ሲወጣ 45 በመቶ ገደማ ነው። የደረቁ ምግብ ፍሬ ደግሞ ለአፏ የሚመጥን ትንሽ ይሁን።

እኔ በኩባያ መስፈር ትቻለሁ፤ በግራም ነው የምመዝነው። ለትንሽ ውሻ አንድ እፍኝ ትርፍ ቀላል አይደለም። ማልቲዝ ደግሞ ፀጉሯ ያታልላል፣ በእጅሽ ዳብሻት። ጎድኗ ሳትጫኚ ከተሰማሽ ደህና ናት።

አዲሱን ምግብ ከ7 እስከ 10 ቀን ከአሮጌው ጋር እየቀላቀልሽ ቀይሪ። አኩርፋ ከሆነ ሳህኑን 20 ደቂቃ አስቀምጪና አንሺው። አንድ ቀን ሙሉ ምንም ካልቀመሰች ግን እልህ አትጋቢያት፤ ሐኪም ጋ ውሰጃት። ይሄን ሳህን የማንሳት ዘዴ ለቡችላ ደግሞ እንዳትሞክሪ፤ ትንንሾቹ ሳይበሉ ሲቆዩ የደማቸው ስኳር ይወርዳል።