መልስ፦ ባህል ከሰው ጋር ነው የሚጓዘው ወይስ ብቻውን?
"ህዝብ ሲፈልስ ባህሉም አብሮት ይሄዳል ወይስ ከጎረቤት እየተኮረጀ ነው የሚዛመተው" ላልከው ወንድሜ፣ ሁለቱም አለ፣ እንደየቦታው ነው። ከ4,500 አመት በፊት አካባቢ አውሮፓ ውስጥ የተገለበጠ ደወል የሚመስል የሸክላ ዋንጫ ፋሽን ሆኖ ነበር፣ ከሟቹ ጋር ሁላ ይቀብሩት ነበር። የአፅሞቹ ዲኤንኤ ሲታይ ታዲያ ብሪታንያ ላይ ዋንጫው የገባው ከአዲስ ሰዎች ጋር ነው፣ በጥቂት መቶ አመታት ውስጥ የነዋሪው የዘር ሀረግ 90 በመቶ ገደማ ተቀይሯል፣ ስፔንና ፖርቹጋል ላይ ግን መጀመሪያ አካባቢ ያንኑ ዋንጫ ይዘው የተቀበሩት ባብዛኛው የድሮዎቹ ነዋሪዎች ናቸው፣ እቃው ዞረ እንጂ ሰው ብዙም አልፈለሰም።

እኔን የሚገርመኝ ግን ቫኑዋቱ ነው (ፓስፊክ ላይ ያለች የደሴቶች አገር)። የዛሬ 3,000 አመት ገደማ መጀመሪያ የሰፈሩባት ሰዎች ዘራቸው ከምስራቅ እስያ ነበር፣ ከዛ ከኒው ጊኒ አቅራቢያ ካሉ ደሴቶች ሌሎች እየገቡ እየተጋቡ የዛሬው ህዝብ ዘሩ ባብዛኛው የኋለኞቹ ሆነ፣ ቋንቋው ግን የመጀመሪያዎቹ እንደሆነ ቀረ! እንደኔ እንደኔ ቀስ በቀስ እየገቡ ስለተጋቡ ነው ልጆቹ ቋንቋውን የያዙት፣ ባንዴ ወረው ቢሆን ኖሮ የሚተርፍ አይመስለኝም።