«ንግሥት ነበረች?» እና ሌሎች ጥያቄዎች

ባለፈው ወር በዚህ አምድ ስለ ኬንያዊቷ ዋንጋሪ ማታይ ጽፌ ነበር፤ ዛፍ ወዳዷ መሪ ለልጆች በሥዕል መጽሐፍ ስትቀርብ እንዴት ብትነበብ ይሻላል ብዬ። ከመጡልኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከአዲስ አበባ ዳርቻ ናቸው። አልገረመኝም። መሀል ከተማ ያደገ ልጅ ዛፍ ሲያይ ጥላ ይታየዋል፤ ዳር ያደገው ግን ማገዶውም፣ አጥሩም፣ የወሰን ምልክቱም ይታየዋል።

«የስድስት ዓመት ልጄ ‹ንግሥት ነበረች?› አለችኝ። ምን ልመልስላት?» (እናት፣ ከቱሉ ዲምቱ)

አልነበረችም ይበሏት። እ.ኤ.አ. በ1977 ገበሬ ሴቶች ዛፍ የሚተክሉበትን የአረንጓዴ ቀበቶ ንቅናቄን ስትጀምር የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ መምህርት ነበረች። በመጀመሪያው ቀን የተተከሉት ችግኞችም ሰባት ብቻ ነበሩ። ፓርላማ የገባችው በ2002፣ ረዳት ሚኒስትር የሆነችው በ2003፣ የኖቤል የሰላም ሽልማት የተሰጣት ደግሞ በ2004 ነው። ቁጥሩን ልጅዎ በጣቷ ትቁጠረው፦ ሃያ አምስት ዓመት ያህል ያለ ወንበር መርታለች። ዘውድ የሚመስል ቅጠል ራሷ ላይ የሚደፉ ሠዓሊዎች ግን ያናድዱኛል።

«በላቲን ፊደል ስሟ ውስጥ ‹ኤ› ሁለቴ ተደጋግሟል። የማተሚያ ቤት ስሕተት ነው?» (አባት፣ ከሰበታ)

አይደለም። ከተፋቱ በኋላ ባለቤቷ የነበረው ሰው ስሜን መልሺ አላት። እርሷም አንድ «ኤ» ጨምራበት የራሷ አደረገችው። በእኛ ፊደል ሁለቱም «ማታይ» ስለሚሆን ጨዋታው ይጠፋብናል።

«ስትደበደብ የሚያሳየውን ገጽ እየዘለልኩ ነው የማነብለት። ጥፋት ነው?» (አባት፣ ከኮዬ ፈጬ)

ልጁ አራት ዓመት ከሆነ ይዝለሉት፤ ስምንት ከሆነው ግን አይዝለሉት። እ.ኤ.አ. በጥር 1999 ናይሮቢ ዳር ያለው የካሩራ ደን ለሕንፃ ሥራ ተሸንሽኖ ሊሰጥ ነው ተብሎ ችግኝ ሊተክሉ የሄዱ ሰዎች ተደብድበዋል፤ የእርሷም ራስ ተፈንክቷል። ያን ገጽ ያወጣ ሰው መጽሐፉን የአትክልተኛ ታሪክ ያደርገዋል። አንድ ችግኝ እንዴት ሰው ያስደበድባል ብሎ ልጁ መጠየቁ አይቀርም፤ መልሱ መሬት ነው። መሬት ምን እንደሚያመጣ ለመረዳት ደግሞ በእኛ በኩል የሚያድግ ልጅ መዝገበ ቃላት አያስፈልገውም። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ የካ አባዶ ለልጆች ሳነብ በዚያ ገጽ ላይ የሚሰማው ዝምታ ከሌላው ሁሉ የተለየ ነው። ከዚያ አንዷ «ደኑስ?» ብላ ጠየቀች። ደኑ ዛሬም አለ።

«ተማሪዎቼ ዛፍ ስለሚወድ የአገራችን መሪ የራሳቸውን የሥዕል መጽሐፍ ሊሠሩ ነው። ዳግማዊ ምኒልክን መረጡ። ጥሩ ምርጫ ነው?» (መምህር፣ ከቡራዩ)

ጥሩ ነው፤ «ይወዱ ነበር» የምትለዋን ቃል ግን ልጆቹ ይመርምሯት። በዚያ ዘመን መናገሻ ከተማ ማገዶ ሲያልቅበት ይነሣ ነበር። አዲስ አበባም ዕጣዋ ይኸው ሊሆን ምንም አልቀራትም፤ ወደ ምዕራብ አዲስ ዓለም ላይ ሌላ ቤተ መንግሥት ተጀምሮ ነበር። ከተማዋን ካቆሟት ነገሮች አንዱ በፍጥነት የሚያድገው ባሕር ዛፍ ነው። ስሙ ራሱ ከባሕር ማዶ መምጣቱን ይናገራል። እንግዲህ ንጉሠ ነገሥቱን ያስተከላቸው ፍቅር ነው ወይስ ችግር? እኔ ችግር ነው እላለሁ፤ ለልጅም የሚጥመው እርሱ ነው። ሥዕሉ ላይ ከእንጦጦ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው፣ ጎብጠው የሚወርዱትን ሴቶች አትርሱ። ዋንጋሪ ባሕር ዛፍን አትወደውም ነበር፤ አገር በቀሉን ደን አንሥቶ የውጭ ዛፍ መተካት ውኃ ያደርቃል ባይ ነበረች። ሁለቱ መሪዎች አንድ ገጽ ላይ ቢገናኙ ምን ይባባሉ ነበር? ይህን ለልጆቹ ስጧቸው።

ሌላ ምርጫ ከፈለጋችሁ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ አሉ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው በወጨጫ ተራራ አስተከሉ ይባላል፤ የዛሬው መናገሻ ሱባ ደን። ከእናንተ ሩቅ አይደለም። ከመሣላችሁ በፊት ሄዳችሁ ግንዱን በክንዳችሁ ለኩት።

«ታሪኳን ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ‹ችግኙ በሕይወት ተርፎ አደገ› ብዬ ጻፍኩ፤ አላማረኝም።» (ወጣት፣ ከለገጣፎ)

ለእኔም አላማረኝም። «ጸደቀ» የሚል ቃል እያለን! ለሰውም ለችግኝም አንድ ቃል የሰጠ ቋንቋ ይዘው ለምን ይቸገራሉ? ደግሞ ለዚህ ታሪክ የተሠራ ቃል ነው፤ የንቅናቄው ሴቶች ጥቂት ሳንቲም ይከፈላቸው የነበረው ለተከሉት ችግኝ ሳይሆን ለጸደቀው ነበርና። ይህን ዓረፍተ ነገር በመጽሐፉ መሀል፣ ብቻውን በአንድ ገጽ ላይ ያስቀምጡት።

«እናቴ ማንበብ አይችሉም፤ አማርኛቸውም ጥቂት ነው። ከልጄ ጋር መጽሐፉን እንዴት ያዩታል?» (እናት፣ ከሱሉልታ)

ዋንጋሪ በልጅነቷ ማገዶ ስትለቅም እናቷ ከአንድ ትልቅ ዛፍ እንዳትነካ ነግረዋት ነበር፤ የፈጣሪ ዛፍ ነው ብለው። ዛፉ ከዋርካና ከሾላ ወገን ነው፤ አጠገቡም ምንጭ ነበረ። ካደገች በኋላ ብትመለስ ዛፉ ተቆርጧል፣ ምንጩም ደርቋል። ያን ገጽ ይክፈቱላቸውና እርስዎ ዝም ይበሉ። እማማ ስለ ኦዳ ከመጽሐፉ የበለጠ ያውቃሉ፤ በኦሮምኛ ይንገሩት፣ ልጁ ይሰማል። የደን ባለሙያዎች ዛፍ መትከል ትምህርት ይጠይቃል ሲሏት ዋንጋሪ ገበሬ ሴቶቹን ዲፕሎማ የሌላቸው የደን ባለሙያዎች ትላቸው ነበር።

«መጨረሻው ላይ ትሞታለች። ልጄ አለቀሰ። ምን ላድርግ?» (እናት፣ ከአያት)

ያልቅስ። ሲጨርስ ስለ ሣጥኗ ይንገሩት። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2011 ስትሞት፣ ዛፍ እንዳይቆረጥላት ስለፈለገች ሣጥኗ የተሠራው ከቀርከሃ፣ ከደንገልና ከእንቦጭ ነበር። አዎ፣ ጣናን ያስቸገረው እንቦጭ። ቤታችሁ ውስጥ ከቀርከሃ የተሠራ ዕቃ ካለ አምጥታችሁ ይዳስሰው።