ማይክሮስኮፕ ባይኖርሽም ከምስሉ ጀምሪ

ጥያቄ፦ የባዮቴክኖሎጂ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ክሪስፐር በተባለው የጂን መሣሪያ አማካኝነት በሕይወት ባለ የካንሰር ሴል ውስጥ አርኤንኤን (ከጂን የሚቀዳውን ሞለኪውል) ማየት እንደሚቻል አነበብኩ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር አያምረኝም። ግን ግቢያችን እንዲህ ያለ ማይክሮስኮፕ የለውም። ቤተሰቦቼም «ሥራ የሚያስገኝ ነገር ተማሪ» ይሉኛል። ልተወው?

መልስ፦ እህቴ፣ አትተዪው።

መጀመሪያ የወደድሽውን ነገር በደንብ እንለየው። ክሪስፐር የታወቀው ጂን በመቁረጥ ነው። ጄኒፈር ዳውድና እና ኢማኑኤል ሻርፓንቲዬ እ.ኤ.አ. በ2020 የኬሚስትሪ ኖቤል ያገኙትም በዚሁ ነው። አንቺ የምትዪው ሥራ ግን መቁረጡን አይፈልገውም፤ የሚፈልገው ዒላማውን ለይቶ የማግኘት ችሎታውን ነው። ከክሪስፐር ፕሮቲኖች አንዱ የሆነው ካስ13 በተፈጥሮው አርኤንኤን ይቆርጣል። ተመራማሪዎች በሚውቴሽን መቁረጡን ያስተዉትና የሚያበራ ፕሮቲን ይቀጥሉበታል። ከዒላማው ጋር የሚገጥም አጭር «መሪ አርኤንኤ» ወደ ዒላማው ይወስደዋል። እነሱ ብርሃኑን ይከታተላሉ፤ ሴሉም በሕይወት አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 በዚህ መንገድ ኒት1 የሚባለው አርኤንኤ በሕያው ሴል ውስጥ ታይቷል።

አሁን ዋናው ነገር። ዒላማውን ያልያዘው ፕሮቲንም እኮ ያበራል! ሴሉ በሙሉ ጭጋግ ይለብሳል። ኒት1 በኒውክሊየስ (በሴሉ እምብርት) ውስጥ በተወሰኑ ቦታዎች ላይ ስለሚከማች ጎልቶ ይታያል። ብዛቱ ትንሽ የሆነ አርኤንኤ ግን በጭጋጉ ይዋጣል። ስለዚህ ለማስተርስ ወይም ለፒኤችዲ ቃለ መጠይቅ ስትቀርቢ «ያ ነጥብ አርኤንኤው መሆኑን በምን አወቅሽ?» ብትባዪ አይግረምሽ። መልሱ ይህ ነው፦ ምንም ዒላማ የሌለው መሪ አርኤንኤ ተጠቅመው ያነሱት ምስል ለማነጻጸሪያ ጎን ለጎን ይቀመጣል። የዒላማው መጠን ሲቀነስ ነጥቡ መደብዘዙ ይታያል። ሴሉን በኬሚካል ባለበት አጽንቶ በሌላ ዘዴ አርኤንኤውን በማቅለም ቦታው መግጠሙ ይረጋገጣል። ይህን ማስረዳት የምትችል ልጅ ማይክሮስኮፑን ነክታ ባታውቅም ትደመጣለች።

ይህን ችሎታ ደግሞ በላፕቶፕ መለማመድ ትችያለሽ። ፊጂ እና ሴል ፕሮፋይለር የሚባሉት የምስል መተንተኛ ፕሮግራሞች ነጻ ናቸው። ኢሜጅ ዳታ ሪሶርስ ላይ ተመራማሪዎች ያነሷቸው የሴል ምስሎች ለማንም ክፍት ናቸው። አንድ የምስል ስብስብ ውሰጂ። ነጥቦቹን ቁጠሪ፣ ከጭጋጉ ለይተሽ ብርሃናቸውን ለኪ፣ ያደረግሽውን ሁሉ ጻፊ። ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋም እግረ መንገድሽን ተማሪ። አማካሪሽ ከፈቀደ ለመመረቂያ ጽሑፍሽም ይሆናል።

የእጅ ሥራውንም እንዳትረሺ። አርኤንኤ በቀላሉ ይበላሻል፤ በቆዳችን ላይ ያለው ኤንዛይም ብቻ ይበቃዋል። ንጹህ አርኤንኤ ማውጣትና ፒሲአር (የዘረመል ቁስን የማባዣ ዘዴ) መሥራት ከቻልሽ ብዙ በር ይከፈትልሻል። ለልምምድ አዲስ አበባ ያለውን አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ጠይቂ።

ለቤተሰቦችሽ እውነቱን ንገሪያቸው። ይህ የምርምር መሣሪያ ነው፤ ሕክምና አይደለም። እስከ ፒኤችዲ ያለው መንገድም ረጅም ነው። ግን ፒሲአርና የመረጃ ትንተና የምትችል ልጅ በመሀል ሥራ ብትፈልግ የምርመራ ላብራቶሪዎችን ማንኳኳት ትችላለች። ስጋታቸው ተገቢ ነው፤ ይህንን ስታስረጃቸው ቀለል ይላቸዋል ብዬ አስባለሁ።

ለፕሮፌሰሮች ስትጽፊ «ታታሪ ነኝ» ብለሽ አትጀምሪ። የተነተንሽውን ምስልና ያገኘሽውን ውጤት በአንድ ገጽ አያይዢ። ረቂቁን መጀመሪያ ለእኔ ላኪልኝ፣ አብረን እናስተካክለዋለን።