ማንጎም ይበስላል፣ ሽሮም ይበስላል፦ ኡርዱን በአማርኛ ስንፈታ

ጥያቄ፦ ሻርጃ ውስጥ አንድ ምግብ ቤት ወጥ ቤት ነው የምሠራው። ዋናው ምግብ አብሳይ ፓኪስታናዊ ነው። እሱ በኡርዱ ይናገራል፣ ስልኬ ወደ እንግሊዝኛ ይቀይርልኛል፣ እኔ ደግሞ ወደ አማርኛ እመልሰዋለሁ። ለታመመ ሰው ስለሚሠራ ምግብና ስለ ፍራፍሬ ስናወራ ግን ሁሉም ነገር «ለስላሳ» እየሆነብኝ ተቸገርኩ። በአማርኛ ሌላ ቃል የለንም? ደግሞስ «ፓካ» የሚለው ቃል አንዴ የማንጎ፣ አንዴ «እርግጠኛ» የሚሆነው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ቃሉማ ሞልቶናል። መሐል ገብቶ ያስቸገረዎት እንግሊዝኛው ነው።

ከ«ፓካ» እንነሣ። ግሱ «ፓክና» ነው። ምግብ እሳት ላይ ሲበስል ፓክና ይባላል። ማንጎ ዛፍ ላይ ሲበስልም ያው ፓክና ነው። እንግሊዝኛ ለሁለቱ የተለያየ ቃል ስላለው ስልክዎ ትርጉም ይደረድራል። ይህ የስልክዎ ጥፋት ብቻ አይደለም። በ1884 እ.ኤ.አ. የታተመው የጆን ፕላትስ ትልቁ የኡርዱ መዝገበ ቃላትም ይህን አንድ ግስ በብዙ የእንግሊዝኛ ቃላት ነው የፈታው። አማርኛ ግን «በሰለ» ብሎ ይገላገላል። ሽሮው በሰለ፣ ሙዙ በሰለ። ብጉንጅም ይበስላል፤ ኡርዱም «ፎራ ፓክ ጋያ» ሲል እብጡ በሰለ ማለቱ ነው። በሳል ሰው ለማለት ደግሞ ከፋርስኛ የወሰደውን «ፑኽታ» ይመርጣል። የዚህም ፍቺው የበሰለ ነው።

ከዚህ በኋላ መንገዱ ይለያያል። ኡርዱ ጸጉር ሲሸብትም «በሰለ» ይላል። አንድ ወሬ ሲደጋገምበት ደግሞ «ካን ፓክ ጋዬ» ብሎ ያማርራል፤ ቃል በቃል «ጆሮዬ በሰለ» ማለት ነው። እኛ «ጆሮዬን አደነቆርከው» የምንለውን መሆኑ ነው። (የእነሱ ሳይሻል አይቀርም።) የጡብ ቤት «ፓካ መካን» ነው፤ የጭቃው «ካቻ»። የበሰለው የጠነከረ ሆነ፣ የጠነከረው የማያወላውል ሆነ፣ የማያወላውለው እርግጠኛ ሆነ። ስለዚህ አብሳዩ ቅንድቡን ሰቅሎ «ፓካ?» ካለዎት፣ ስለ ማንጎው ሳይሆን «እርግጠኛ ነሽ?» እያለ ነው።

ተቃራኒው «ካቻ» ነው። እዚህ ላይ አማርኛ የበለጠ ይለያል። እሳት ያልነካው ጥሬ ነው፤ ገና ያልደረሰ ፍሬ ደግሞ እንጭጭ። አቻር (በቅመም የሚዘፈዘፍ ማባያ) የሚሠራበትን «ካቻ አም» ስለዚህ «እንጭጭ ማንጎ» ይበሉት። «ጥሬ ማንጎ» የሚል ሰው ይኖራል፣ ስህተት ነው ብዬ አልከራከርም፤ እንጭጭ ግን ጎምዛዛነቱንም ጥንካሬውንም አብሮ ይዞ ይመጣል።

አሁን ወደ «ለስላሳ»። ኡርዱ «ነርም» የሚለው ዳቦን፣ ሩዝን፣ ሥጋን ነው። ለሕመምተኛ የሚታዘዘው «ነርም ጊዛ» ይባላል። ይህን «ለስላሳ ምግብ» ብለው ቢተረጉሙት ያስኬዳል፤ ግን እኛ አገር «ለስላሳ» ሲባል መጀመሪያ የሚታየው ጠርሙስ ነው። እኔ «የላመ ምግብ» እላለሁ። ላመ የሚባለው ዱቄት ሲደቅ ነው፤ «የላመ የጣመ» የምንለውም ከዚያው ነው። ከተከካ ስንዴ የሚሠራው «ዳሊያ» ለቅንጬ በጣም ይቀርባል። «ኪችሪ» ሩዝና ምስር አብረው እስኪላሙ የተቀቀሉበት ነው። «እነ እገሌ ኪችሪ እያበሰሉ ነው» ከተባለ ግን ምግብ የለም፤ ሴራ እየጠነሰሱ ነው።

ፍራፍሬው ከመጠን በላይ ሲበስልና ጣት ሲሰምጥበት «ፒልፒላ» ይባላል። ይህን «ለስላሳ» ማለት ደንበኛን ማታለል ነው። የላሸቀ ነው፣ ልፍስፍስ ያለ። የድምፁን ድግግሞሽ ያስተውሉ፦ ፒልፒላ፣ ልፍስፍስ። እንደ ባሚያ የሚያዳልጠው «ሊጅሊጃ» ነው፤ የእኛው ዝልግልግ። በእጅ ሲነኩት የሚፈርሰው «ቡርቡራ» ነው፤ የእኛው ፍርክስክስ። ሁለቱ ቋንቋዎች አይዛመዱም። ኡርዱ ከሂንዲና ከፋርስኛ ወገን ነው፣ አማርኛ ሴማዊ ነው። ጣት የሚነካውን ነገር ለመግለጽ ግን ሁለቱም ፊደል ይደግማሉ። ስልክዎ የሚሰጥዎትን የእንግሊዝኛ ቃል ትተው አብሳዩ ያለውን ድምፅ ቢሰሙ፣ አማርኛው ራሱ አፍዎ ላይ ይመጣል።

የፍራፍሬው ልጣጭና ዘር ሲወጣ የሚቀረው «ጉዳ» ነው (ኦሮምኛ የምታውቁ ከ«ትልቅ» ጋር እንዳታምታቱት)። በአማርኛ የማንጎው ሥጋ ማለት በቂ ነው። ኡርዱ ግን አጥንት ውስጥ ያለውንም ጉዳ ይለዋል። ለእኛ እሱ መቅኔ ነው፤ አጥንቱ ደግሞ ቅልጥም። ስለዚህ ቃሉን ሲሰሙ አስቀድመው የሚያዩት ምጣዱን ነው።

ሳይጠይቁኝ አንድ ነገር ልጨምር፤ ሻርጃ ስላሉ ይጠቅምዎታል። እኛ ዘይቱን የምንለውን ፍሬ አብሳዩ «አምሩድ» ይለዋል። አምሩድ በጥንቱ ፋርስኛ ፒር ነበር፤ ወደ ኡርዱ ሲሻገር ፍሬ ቀየረ። የእኛም ዘይቱን እንዲሁ ነው፣ በዐረብኛ የወይራ ፍሬ ማለት ነው። ባለ ሱቁን ዘይቱን ካሉት በጨው የተዘፈዘፈ ወይራ ነው የሚያቀርብልዎት። «ጀዋፋ» ይበሉት። ጊሽጣ ላይ ብዙ አይቸገሩም፤ ዐረቡም «ቂሽጣ» ነው የሚለው፣ አብሳዩ ደግሞ «ሻሪፋ»። ብቻ ቂሽጣ የወተት ክሬምም ስለሆነ፣ ቆርቆሮ እንዳያቀብሉዎት ፍሬውን እንደሚፈልጉ አስቀድመው ይንገሯቸው።